አንድ ከተማ፣ አንድ ሴት

ባለፈው ሰሞን መጋረጃ ልገዛ ታይዋን ገብቼ ነበር። ታይዋን ስል ያው የእኛን የድሬዳዋውን ገበያ ማለቴ ነው። አንዱ ነጋዴ ሱቁ በር ላይ ተቀምጦ አዲስ የመጣ ቦንዳ በቢላ ሲቀድ ደረስኩ። ላስቲኩ ሲተረተር ከውስጡ የታፈነ ሽታ ወጣ፤ የቀለም፣ የላስቲክ፣ እርጥበት ላይ የሰነበተ አዲስ ጨርቅ ሽታ። ሩቅ መንገድ እንደመጣ ሰው የሱቁን ግድግዳ ተደግፌ ቆምኩ።

«እህቴ፣ ሙቀቱ ነው፤ አረፍ በይ» ብሎ በርጩማ ሰጠኝ።

ሙቀቱ አልነበረም። የድሬ ሙቀት ተወልጄበታለሁ። አሥራ አንድ ዓመቴ ላይ ከእናቴና ከኤዶ ሃዋ ጋር ቻይና፣ ጓንዡ የሄድኩበት ክረምት ነው ከቦንዳው ውስጥ የወጣብኝ። ቁጭ አልኩ፤ መጋረጃውንም ሳልገዛ ቀረሁ።

ኤዶ በሶማልኛ አክስት ማለት ነው። ሃዋ ግን በሥጋ አክስቴ አልነበረችም። ከእናቴ ሱቅ ጋር ግድግዳ የምትጋራ ነጋዴ ነበረች። ሁለቱም የሚሸጡት የሽቲ ጨርቅ ነው፤ ያን የድሬ ሴት ሁሉ፣ ክርስቲያን እስላም ሳይል፣ ለሙቀቱ ብሎ የሚለብሰውን ሰፊና ስስ ቀሚስ። ሁለት ሴቶች አንድ ዓይነት ዕቃ ጎን ለጎን እየሸጡ እንዴት ሳይጣሉ ይኖራሉ ብሎ ሰው ይገረም ነበር። ነገሩ ቀላል ነው። አብረው ይገዛሉ፣ የመጣውን እኩል ይካፈላሉ፣ ዋጋውን ተነጋግረው ይቆርጣሉ። ሃዋ ለሶላት ስትነሳ እናቴ ሁለቱንም ሱቅ ትጠብቃለች፤ እናቴ ለንግሥ ስትሄድ ሃዋ ትጠብቃለች።

ኢድ ሲደርስ እናቴ ከሁሉም የሚያምረውን አንድ ቁራጭ ደብቃ ታስቀምጥና «ለኤዶ እንዳትነግሪያት» ትለኛለች። ፋሲካ ሲመጣ ደግሞ ሃዋ በተራዋ ጠርታኝ «ሆዮ፣ ለእናትሽ እንዳትነግሪ» ትለኛለች። ሆዮ በሶማልኛ እናት ማለት ነው፤ ሶማሌ እናቶች ልጆቻቸውንም እንዲሁ ብለው ያቆላምጣሉ፤ የእኛዎቹ ልጃቸውን «እማዬ» እንደሚሉት። እኔ እንግዲህ «እንዳትነግሪ» የተባለ ነገር ሁሉ ስጦታ እንደሆነ አድርጌ ነው ያደግኩት።

የዚያን ዓመት የእናቴ ሱቅ ተዳክሞ ነበር። አባቴ የባቡር ጋራዥ ሠራተኛ ነበር፤ ባቡሩ ሲቆም እሱም ሥራ ፈታ። በየማለዳው ተነስቶ፣ ጢሙን ተላጭቶ፣ ከዚራ ሰፈር ባለው ቤታችን ደጃፍ፣ ዛፉ ሥር ወንበር አውጥቶ ይቀመጣል። እስኪመሽ አይነሳም። ዛፉን እንዲጠብቅ የተቀጠረ ይመስለኝ ነበር። እናቴ አንድ ቀን «የዘንድሮው ረመዳን ካልሸጠልኝ ሱቁን ለባለቤቱ አስረክባለሁ» ስትለው ሰማሁ። ማስረከብ መሸለም መስሎኝ ለጓደኞቼ በኩራት አወራሁ።

ወደ ጓንዡ እኔን የማስከተሉ ሐሳብ የሃዋ ነው።

«አቦ አስካለ፣ ልጅቷን ይዘናት እንሂድ» አለቻት እናቴን፣ አንድ ቀን ምሳ እየበሉ። «እኔ ዐረብኛ ብቻ ነው ያለኝ፤ አንቺ ጭራሽ ምንም። እሷ የሚሲዮን ትምህርት ቤት እንግሊዝኛዋን ታነበንበው የለ? ምላስ ትሁነን።»

«ትኬቷንስ በምን ልቻለው?»

«ግማሹን እኔ። የእኔም ልጅ ናት።»

ትምህርት ቤት በተዘጋ በሳምንቱ ሄድን። አባቴ ከዛፉ ሥር ተነስቶ የእናቴን ሱቅ ሊጠብቅ ገባ፤ የሃዋን ሱቅ ትልቋ ልጇ ያዘች። ሃዋ ባል የላትም፤ ሦስቱንም ልጆቿን ብቻዋን ነው የምታሳድገው።

የድሬ ሙቀት ደረቅ ነው፤ ይጠብሳል። የጓንዡው እርጥብ ነው። ገና ከአየር ማረፊያው በር ስንወጣ የሚፈላ ድስት ክዳን ፊታችን ላይ የተከፈተ ያህል ሆነ፤ እስክንመለስ ድረስም ያ ድስት አልተከደነም። ያረፍንበት ሆቴል ከየአገሩ በመጣ አፍሪካዊ ነጋዴ የተሞላ ነበር። ኮሪደሩ ላይ ከየክፍሉ ካርቶን የሚታሸግበት ፕላስተር ጭርርር ሲል ይውላል። ሰው ሁሉ ቤት የሚለቅ መሰለኝ፤ ምን ሆነው ነው ብዬ ብጠይቅ ሃዋ ሳቀችብኝ።

ሥጋ የሚባል ነገር አልበላንም። እናቴ የእስላም ሥጋ አትበላም፤ ሃዋ ሐላል ያልሆነ አትነካም። መንገዱ ማዶ አንድ ወጣት ሊጥ እንደ ገመድ እየጎተተ ፓስታ የሚሠራባት ጠባብ ቤት ነበረች። እዚያ እንቁላልና ጎመን ያለበትን እናዛለን፤ ሦስታችንም ከአንድ ትልቅ ጎድጓዳ ሳህን። ሃዋ ለራሷ ያነሳችውን እንቁላል ሁሌም ወደ እኔ በኩል ታንሸራትተዋለች።

የጨርቁ ገበያ ሕንጻ ላይ ሕንጻ፣ ፎቅ ላይ ፎቅ ነው። የድሬን ትልቅ ገበያ፣ ቀፊራን፣ አሥር ጊዜ ደራርባችሁ ብታስቡት አይደርስበትም። ግራና ቀኝ ሱቅ፣ ሱቁ ሁሉ እስከ ጣሪያው ጣቃ። በመሃል ባለጋሪዎች አንገታቸው ላይ ፎጣ ጠምጥመው እየጮሁ ይሮጣሉ፤ ካልሸሸሽ ይገጩሻል። ጠዋት እንገባለን፤ ስንወጣ ፀሐይ የለችም። እናቴ ጨርቁን በአውራ ጣቷና በሌባ ጣቷ መሃል ታሻለች፣ ወደ ብርሃን ታነሳለች፣ ታሸታለች፣ ትተወዋለች። ሃዋ ደግሞ ጨርቁን ጭብጥ አድርጋ ትጨመድድና ትለቀዋለች፤ ጭምድዱ ከቀረ አትገዛም። ከዚያ ወደሚቀጥለው። ከዚያ ወደሚቀጥለው። ሦስተኛው ቀን ላይ የጫማዬ ሶል ተላቀቀ፤ እናቴ በካርቶን ፕላስተር ጠቀለለችልኝ።

ሻጮቹ ሁሉ «ማይ ፍሬንድ» ይሉናል። እኔ በታማኝነት «ጓደኛዬ እያለችሽ ነው» ብዬ እተረጉማለሁ። የመጀመሪያ ቀን እናቴ ይህን ስሰጣት ፈገግ ብላ አንገቷን ዝቅ ታደርግ ነበር። በአራተኛው ቀን «ጓደኝነቱን ተዪውና ዋጋውን ጠይቂልኝ» አለችኝ።

አምስተኛው ቀን ላይ ዝናብ ያዘን። ከምድር ባቡሩ በማናውቀው በር ወጣንና ራሳችንን የመስተዋት ከተማ ውስጥ አገኘነው። ወለሉ እንደ ውሃ ያበራል። አየሩ ቀዝቃዛ ነው፤ ሽቶ ሽቶ ይላል። «ዝናቡ እስኪያባራ» አለች እናቴ፤ እኔ ግን እግሯን ማሳረፍ እንደፈለገች ገብቶኛል። ለስላሳ ሶፋ ወዳየንበት ሱቅ ገባን።

ሱቁ ያሳዝናል። ያን የሚያህል ቤት ውስጥ ያሉት ቦርሳዎች አምስት ናቸው። አምስት ብቻ! እኛ አገር እንዲህ የተራቆተ ሱቅ ያለው ሰው ጎረቤት ተሰብስቦ ያጽናናዋል። ገዢ የሚባል የለም። ሻጮቹ ከእግር እስከ ራስ ጥቁር ለብሰው፣ እጃቸውን አጣምረው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ቆመዋል። ባለቤቱ የሞተበት ቤት ነው ብዬ ደመደምኩ። ሐዘን ቤት እንደገባ ሰው ጭምት አልኩ።

ከሻጮቹ አንዷ ትሪ ላይ ሦስት ብርጭቆ ውሃ አመጣችልን። እናቴ የላስቲክ ጫማዋን ሶፋው ሥር ለመደበቅ እግሯን ሰበሰበች። ሃዋ ግን ምን ገዷት! ውሃዋን ጭልጥ አድርጋ፣ አንዷን ቦርሳ በአገጯ እያመለከተች «ስንት ነው በያት» አለችኝ። ጠየቅኩ፤ ልጅቷ መለሰችልኝ። በእንግሊዝኛ መቁጠር እስከዚያ ድረስ ገና አልተማርንም ነበር። ጻፊልኝ አልኳትና ወረቀት ላይ ጻፈችልኝ። ሃዋ ዜሮዎቹን በጣቷ ነካ ነካ አድርጋ ቆጠረቻቸው።

«ወላሂ፣ በዚህ ዋጋ ልጅቷንም ጨምረው ይስጡን!»

እናቴ ያን ክረምት ለመጨረሻ ጊዜ ስትስቅ ያየኋት እዚያ ነው። ሳቋን ሳትጨርስ ግን ዓይኗ የልጅቷ እግር ላይ ወደቀ። ልጅቷ ያደረገችው ባለ ረጅም ተረከዝ ጫማ ነው፤ ቁርጭምጭሚቷ አብጦ በጫማው ጠርዝ ላይ ፈሷል።

«የማን ልጅ ትሆን! ከጠዋት ጀምሮ ቆማ ነው» አለች እናቴ። ከሶፋው ጥግ ፈቀቅ ብላ ቦታውን መታ መታ አደረገች። «ቁጭ ትበል በያት።»

ነገርኳት። ልጅቷ ደንግጣ እጇን አወናጨፈች፤ ወደ ኋላ ዞራ አለቃዋን አየች። ቁጭ አላለችም። ግን ቀኝ እግሯን ቀስ አድርጋ ከጫማው አወጣችና ምንጣፉ ላይ አሳረፈችው። እናቴና እሷ እንደዚያ ሆነው ለትንሽ ጊዜ ተያዩ። ዝናቡ ሲያባራ ወጣን።

በማግስቱ ሃዋ ከአልጋዋ መነሳት አቃታት። ጉልበቷ እንደ ዱባ አብጧል፤ ሰውነቷ ያተኩሳል። እናቴ እርጥብ ፎጣ ጉልበቷ ላይ አሰረችላት፤ አብሬሽ ልዋል አለቻት።

«አይሆንም! የቀረን አምስት ቀን ነው፤ የኢዱን ጨርቅ ገና መቼ አገኘን» አለች ሃዋ። «ሂዱ። የእኔንም ድርሻ አንቺ ምረጪልኝ። ዓይንሽን አምነዋለሁ።»

ሄድን። ያን ቀን ከስንተኛው ፎቅ ላይ እንደሆነ እንጃ፣ ከአንድ ኮሪደር መጨረሻ፣ ሕፃን ልጇን ጣቃ ላይ ያስተኛች አጭር ጸጉር ያላት ሻጭ ጋ ደረስን። እናቴ ገና ከበሩ ቆመች። ጨርቁ ጥቁር ሰማያዊ ነው፤ ላዩ ላይ የተሰነጠቀ ሮማን ተበትኗል፤ ፍሬው ቀይ፣ ከውስጥ እንደ መብራት የሚያበራ ቀይ። እናቴ በጣቶቿ አሸችው። ወደ ብርሃን አነሳችው። ከዚያ እንደ ሃዋ አድርጋ ጭምድድድ አደረገችና ለቀቀችው፤ ጨርቁ እንደ ውሃ ተዘርግቶ ወረደ። አልተወችውም። እጇ ላይ እንደያዘችው ቀረች።

ሻጯ ከየት አገር እንደመጣን፣ ከተማችን ማን እንደሚባል ጠየቀችኝ። ድሬዳዋ አልኳት። ካልኩሌተሯን አስቀምጣ አንድ ጣቷን አነሳች።

«ዋን ሲቲ፣ ዋን ሌዲ።»

«ምን አለች?» አለች እናቴ።

«ያለውን ሁሉ ከወሰድሽ ለአንድ ከተማ ለአንድ ሴት ብቻ ነው የምትሰጠው። ድሬ ላይ ከአንቺ በቀር ይህ ጨርቅ ያለው ሰው አይኖርም። ወዳሻለች መሰለኝ» አልኳት፤ የመጨረሻውን ከራሴ ጨምሬ።

እናቴ ጨርቁን እንደገና ወደ ብርሃን አነሳችው። ሕፃኑ ነቅቶ አለቀሰ፤ ሻጯ በአንድ እጇ ጀርባውን መታ መታ እያደረገች በሌላው እጇ አንድ ጣቷን እንዳነሳች ጠበቀችን። እናቴ ግንባሯን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች።

«እሺ በያት» አለችኝ።

ለሃዋም ሌላ ጨርቅ መረጠችላት፤ ደህና ጨርቅ፣ ማንም ሱቅ የሚገኝ ዓይነት። ወደ ሆቴል ስንመለስ ባቡሩ ውስጥ ክንዴን ያዘችኝ። «የሮማኑን ነገር ለኤዶ እንዳትነግሪያት። እኔ እነግራታለሁ።»

ደስ አለኝ። ኢድ እየደረሰ ነው። ለካ ለዚህ ነው ብዬ፣ እስከ ዛሬ ከተደበቀው ስጦታ ሁሉ ትልቁ ነው ብዬ ሳቄን ዋጥኩት። ሻጯ ለናሙና የሰጠችኝ የመሃረብ ያህል ቁራጭ ኪሴ ውስጥ ነበር።

እናቴ ምግብ ልትገዛ ስትወርድ እኔ ከሃዋ ጋር ቀረሁ። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ተኝታ ነበር። ተገላበጠች፤ ቃሰተች። «አይ ሆዮ፣ ሰው አገር መታመም ክፉ ነው» አለችኝ። ድምፅዋ የእሷ አይመስልም፤ ሃዋ እንዲህ ስትናገር ሰምቼ አላውቅም። ላስደስታት ፈለግኩ። ምስጢር መጠበቅ ደግሞ ያን ያህል አልችልበትም።

«ኤዶ፣ አንድ ነገር ባሳይሽ ለእማዬ እንዳትነግሪያት?»

ቁራጩን አወጣሁላት። ሃዋ ክርኗን ተደግፋ ተነሳች። ወደ መስኮቱ አድርጋ አየችው። በመዳፏ ጨመደደችው፤ ለቀቀችው። ዓይኗ በራ።

«ማሻአላህ! ይሄማ ኢድን ብቻውን ይሸጣል። ስንት ጣቃ አገኛችሁ?»

«ሁሉንም! ለእማዬ ብቻ ነው የሰጠቻት። አንድ ከተማ አንድ ሴት ብቻ አለቻት። እማዬ እሺ አለች። ላንቺ እንዳልነግርሽ ተብያለሁ፤ የኢድ ነው።»

ሃዋ ቁራጩን ጭኗ ላይ ዘረጋችው፤ ጠርዙን በጣቶቿ ደጋግማ አስተካከለችው። አራት አድርጋ አጥፋ ኪሴ ውስጥ በራሷ እጅ መለሰችልኝ።

«ቆንጆ ነው» አለች። «ለእናትሽ እንዳሳየሽኝ አትንገሪ።»

ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ተኛች ብዬ በጫማዬ ጫፍ እየተራመድኩ መብራቱን አጠፋሁላት።

በማግስቱ ጉልበቷ ሳይሻላት ተነሳች። የቀሩትን ቀናት ሦስታችንም አብረን ዞርን። እናቴ ከወትሮዋ በላይ ታወራለች፤ ስለ ባለጋሪዎቹ፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለምናምኑ። ሃዋ «ሃየ» ብቻ ትላለች፤ እሺ እንደማለት። እንቁላሉን አሁንም ወደ እኔ ታንሸራትታለች። ግን ጨርቅ ስታነሳ እንደ ድሮው «አስኩ፣ ነይ እዪው» አትልም፤ ራሷ አይታ ራሷ ትመልሳለች። እናቴ «የእኔስ ምርጫ እንዴት ነው?» ብላ ያን ደህናውን ጨርቅ ስታሳያት «ደህና ነው፤ እግዜር ይስጥሽ» አለቻት። ሁለቱ መሃል እንዲህ ያለ ምስጋና ሰምቼ አላውቅም ነበር። «ኤዶ፣ ምን ሆነሻል?» ስላት «እግሬ ነው፣ ሆዮ፤ እግሬ» አለችኝ። አመንኳት።

ዕቃው በካርጎ ሊከተለን ነበር። እናቴ ግን ለረመዳን ለመቅደም አራት ጣቃ ሮማን በጥቁር ላስቲክ ጠቅልላ ሻንጣዋ ውስጥ ከትታለች። አየር ማረፊያ ሚዛኑ ላይ ሲወጣ ከበደ። ሠራተኛው ቀንሱ አለ። እናቴ ሻንጣውን ወለሉ ላይ ከፍታ ተንበረከከች፤ አንዱን ታነሳለች፣ ሌላውን ትከታለች፣ ላቧ ይንጠባጠባል። ሰልፉ ከኋላችን ያጉረመርማል።

ሃዋ እያነከሰች መጣች። «የእኔ ሻንጣ ቦታ አለው። ወዲህ አምጪው።»

«ተዪው ሃዊ፣ ከባድ ነው፤ ጉልበትሽ…»

ሃዋ ጎንበስ ብላ ሁለቱን ጣቃ ራሷ አነሳቻቸው። ላስቲኩ ጥጉ ላይ ተቀዶ ነበር። ሰማያዊውና ቀዩ ታየ። እናቴ በመዳፏ ልትሸፍነው ተወረወረች።

«አትሸፍኚው» አለች ሃዋ። «አይቼዋለሁ።»

«መቼ?»

እኔን ቀና ብላ አላየችኝም። «አይቼዋለሁ አልኩሽ እኮ» ብላ ጣቃዎቹን ሻንጣዋ ውስጥ አመቻቸች፤ ዚፑን ዘጋች፤ ሚዛኑ ላይ አወጣችው።

እኔ የጠበቅኩት ሳቅ ነበር። ስጦታው ሲታወቅ መቃቀፍና ሳቅ ነው የማውቀው። አውሮፕላን ውስጥ በመሃላቸው ተቀመጥኩ። ሁለቱም ዓይናቸውን ጨፍነዋል፤ አንዳቸውም አልተኙም። በምን አወቅሽ ካላችሁኝ፣ የሁለቱም እጅ የወንበሩን መደገፊያ ጭብጥ አድርጎ ነው አዲስ አበባ የደረሰው።

ሮማኑ ድሬ ገብቶ ሦስት ቀን አልቆየም፤ ስሙ ከተማውን ሞላው። ከመልካ ጀብዱ፣ ከዋሂል ሳይቀር ሴቶች እየመጡ «የሮማኑን» ይላሉ። የታይዋን ልብስ ሰፊዎች መኪናቸውን ሲያንቀጨቅጩ የሚውሉት ለእሱ ነው። የእናቴ ሱቅ ተጨናነቀ። የሃዋ ጭር አለ። ረመዳኑ ገብቶ፣ ሃዋ ጾሟን በርጩማዋ ላይ ተቀምጣ እግሯን ዘርግታ ትውላለች።

መንገደኛዋ መጀመሪያ የምታገኘው የሃዋን ሱቅ ነው። «የሮማኑ ሽቲ አለሽ?» ትላታለች።

«አስካለ ጋ አለ» ትላለች ሃዋ። «እዚሁ ጎኔ። ጎራ በዪ፤ ጥሩ ጨርቅ ነው።»

በቀን አሥር ጊዜ፣ ሃያ ጊዜ። በድምፅዋ ውስጥ ቁጣ የለም፤ አሽሙር የለም። ግድግዳው ስስ ነው። እናቴ እያንዳንዷን ትሰማለች። ሃዋ ተሳድባ ቢሆን፣ በሯ ላይ ቆማ ጮኻባት ቢሆን እናቴ መመለሻ አታጣም ነበር። ይህን ግን በምን ትመልሰው? እየቆየ ገዢ ሲገባ ቀና ብላ ማየት ተወች። ፍልሰታም ገባና እሷም መጾም ጀመረች። ለሁለቱም ጾሙ ሰበብ ሆነላቸው፤ ምሳ አብረው ስለማይበሉ ማንም ምን ሆናችሁ አላላቸውም።

አባቴ «ሸጥሽ አይደል? ለምን አትበዪም፣ ለምን አትተኚም?» ሲላት ሰምቻለሁ። «ደክሞኝ ነው» ትላለች። ድካም ያለበት ሰው እንዴት እንቅልፍ ያጣል ብዬ አስብ ነበር።

አንድ ከሰዓት ሱቅ ውስጥ ብቻችንን ሳለን ጨርቅ እየለካች ድንገት አቆመች።

«ለኤዶ ሃዋ የነገርሻት አንቺ ነሽ?»

ልዋሽ አሰብኩ፤ አልቻልኩም። «አዎ። የኢድ ስጦታዋ መስሎኝ ነው። ሁሉም የእሷ መስሎኝ።»

ትመታኛለች ብዬ ትከሻዬን ሰበሰብኩ። እናቴ አልመታችኝም። ጣቃው ላይ ቁጭ አለችና ሜትሩን እጇ ላይ ጠቀለለች፣ ፈታች፣ ጠቀለለች። «በአንድ ስም ገዝተን መካፈል እንችል ነበር» አለች፤ ለእኔ ይሁን ለራሷ እንጃ። «ሻጯ በምን ታውቅ ነበር? ማን ያውቅ ነበር?» ያን ጊዜ ነው ነገሩ የገባኝ። እሺ በያት ስትለኝ በእኔ አፍ የተባለው ምን እንደሆነ የገባኝ ያን ጊዜ ነው።

ከዚያ ቀን በኋላ ሃዋ ሁለት ቀን ሱቅ አልከፈተችም። በሦስተኛው ቀን ረፋዱ ላይ እናቴ የቀረውን ሮማን ሁሉ በባጃጅ አስጫነች፤ እኔ ጣቃዎቹ መሃል ተሸጎጥኩ። የደቻቱን ወንዝ ድልድይ ስንሻገር አሸዋው ደረቅ ነበር፤ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል። ባለባጃጁ ግን ወደ ተራራው እያየ «ደንገጎ ላይ ጠቁሯል፤ ቶሎ ተመለሱ» አለን።

የሃዋ ቤት መጋላ ሰፈር፣ ጠባብ መንገድ ውስጥ ነው። በሩን ራሷ ከፈተች። ጉልበቷ በጨርቅ ታስሯል። እናቴ ጣቃውን እንደታቀፈች ደጅ ቆመች፤ ያዘጋጀችው ንግግር ሁሉ እንደጠፋባት ያስታውቃል።

«ግቢ፤ ፀሐይ ላይ አትቁሚ» አለች ሃዋ።

ገባን። እናቴ ጣቃዎቹን ግድግዳው ሥር ደረደረች። «ድርሻሽ ነው። ከመጀመሪያው እኩል መሆን ነበረበት፤ የተረፈው ይሄ ነው። የሠራሁትን አውቀዋለሁ፣ ሃዊ።»

«ጨርቁ አይደለም፣ አስኩ» አለች ሃዋ። ፍራሹ ላይ እግሯን ዘርግታ ቀስ ብላ ተቀመጠች። «ጨርቅ ጓንዡ ሞልቷል። ታምሜ ተኝቼ፣ አንቺ ምረጪልኝ ብዬ ልኬሽ ነው።»

«ፈርቼ ነው።»

«ምኑን?»

«ሱቁን። እሱን ዛፉ ሥር እያየሁት… ነገ እኔም ወንበሬን አውጥቼ ከጎኑ የምቀመጥ መሰለኝ። ሻጯ አንድ ሴት ስትል እኔ ልሁን አልኩ። ሌላ ምንም አላሰብኩም።»

ሃዋ ጉልበቷን እያሻሸች ቆየች። «እኔስ አልፈራም? ሦስት ልጅ እኮ ነው ያለኝ። ብትነግሪኝ አብረን እንፈራ ነበር።»

እናቴ አላለቀሰችም። በመሃሉ ከውጭ ጩኸት ተሰማ፤ ከዚያ ከሩቅ የከባድ መኪና ድምፅ የሚመስል ጉርምርምታ። አንድ ሰው በበሩ በኩል እየሮጠ «ደቻቱ መጣ! ደቻቱ መጣ!» እያለ አለፈ። እኛ ጋ አንድ ጠብታ አልጣለም፤ ሰማዩ ጥርት ያለ ነው። ውሃው ግን ከተራራው ወርዶ ከተማዋን ለሁለት ከፍሏታል።

እናቴ ነጠላዋን አጣፍታ ብድግ አለች። «ልሂድ፤ ሱቁ…»

«በየት በኩል? ድልድዩን ሰው ሞልቶታል፤ ውሃው እስኪቀንስ ማንም አይሻገርም። ተቀመጪ» አለች ሃዋ።

እናቴ ከፍራሹ ጫፍ ላይ፣ ሊነሳ እንደተዘጋጀ እንግዳ ቁጭ አለች። ጀርባዋን ትራሱ ላይ ነካ አደረገች። ጫማዋን እንኳ አላወለቀችም። ቀና ብዬ ሳያት አንገቷ ወደ ጎን ዘንበል ብሏል፤ አፏ ገርበብ ብሏል፤ እጆቿ መዳፋቸውን ወደ ላይ አድርገው ወድቀዋል። በአንድ ጊዜ፣ ውሃ ውስጥ እንደተጣለ ድንጋይ፣ ሰመጠች።

ሃዋ ተሳበችና ጫማዎቿን አንድ በአንድ አወለቀችላት። እግሮቿን አንስታ ፍራሹ ላይ አወጣችላት። ትልቋን ልጇን በእጇ ምልክት ጠርታ ወደ ጣቃዎቹ እያመለከተች «ነገ ጠዋት ሱቅ ይሄዳል» አለቻት በሹክሹክታ። ከዚያ እያነከሰች ሄዳ ፀሐዩ የእናቴ ፊት ላይ እንዳያርፍ በሩን ገርበብ አደረገችው፤ ተመልሳም ከጎኗ ተቀመጠች።

ውጭ ሰው ወደ ወንዙ ይሮጣል፤ ልጆች ያፏጫሉ። እኔ ማወቅ ፈለግኩ።

«ኤዶ፣ ታረቃችሁ እንዴ?»

«ድምፅሽን ቀንሺ፣ ሆዮ» አለችኝ። «እናትሽ ገና አሁን መተኛቷ ነው።»